የኬኔዲ ወገብና የዛሬው መርፌ

በአገራችን አንጋፋዎች ዘንድ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ የሚታወሱት የሰላም ጓድ መምህራንን በመላካቸውና እ.አ.አ በ1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን በመቀበላቸው ነው። ከሳምንታት በኋላ ሲገደሉም ንጉሠ ነገሥቱ በቀብራቸው ተገኝተዋል። ብዙዎች የማያውቁት ግን እኚህ ወጣት መሪ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በወገብ ሕመም መሰቃየታቸውን ነው። ሕመሙ ወደ ግራ እግራቸውም ይወርድ ነበር።

ኬኔዲ በ1917 ተወለዱ። የምድር ጦሩ በወገባቸው ምክንያት አልቀበልም ሲላቸው ባሕር ኃይል ገቡ። በ1943 ያዟት የነበረችው ጀልባ በጃፓን የጦር መርከብ ተገጭታ ስትሰበር የቆሰለ ባልደረባቸውን እየጎተቱ ለሰዓታት ዋኙ። በ1944 የዲስክ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። በ1954 አከርካሪያቸው በብረት ሲታሰር ኢንፌክሽን ተነስቶ ለሞት አፋፍ አደረሳቸው፤ ከወራት በኋላም ብረቱ ወጣ።

ከ1955 ጀምሮ ሐኪማቸው ጃኔት ትራቬል የሚያመውን ጡንቻ በእጃቸው እየፈለጉ ማደንዘዣ ይወጉላቸው ነበር። እፎይታ ቢያገኙም ሕመሙ ይመለስ ስለነበር ሌሎች ሐኪሞቻቸው የመርፌ ጥገኛ እንዳይሆኑ ሰጉ። በ1961 መጨረሻ ዶክተር ሃንስ ክራውስ ተከታታይ የአካል እንቅስቃሴ አስጀመሯቸው፤ በወራት ውስጥም ጉልህ መሻሻል አሳዩ።

ወደ እግር የሚወርድ ሕመም መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የተንሸራተተ ዲስክ የሚጫነው የነርቭ ሥር ነው። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ እዚያ አይደርስም። ዛሬ ስቴሮይድ በምስል እየታየ በነርቩ አጠገብ ይሰጣል፤ መንገዱም ሦስት ነው። አንደኛው ነርቩ በሚወጣበት የጎን ቀዳዳ የሚገባ ሲሆን፣ የታመመው ነርቭ አንድ መሆኑ ሲታወቅ መድኃኒቱን በቅርብ ያደርሳል፤ ጥንቃቄውም ይበልጣል። ሁለተኛው ከጀርባ በኩል በሁለት አጥንቶች መካከል ይገባል፤ መድኃኒቱ ሰፋ ብሎ ይሠራጫል። ሦስተኛው ከጭራ አጥንት አካባቢ ወደ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ለታችኞቹ ነርቮችና ቀድሞ ወገባቸውን ለተቀደዱ ሰዎች ይመረጣል።

የምስሉ ዓይነትም ይለያያል። ፍሎሮስኮፒ በኤክስሬይ መርፌው ሲገባ ያሳያል፤ የሚታይ ፈሳሽ ተጨምሮበት መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ እንዳይገባ ይረዳል። ሲቲ ስካን አጥንቱንና ዙሪያውን አጥርቶ ያሳያል፤ ጨረሩ ግን ሊበዛ ይችላል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ሆኖም ከአጥንት ጀርባ ያለውን ስለማያሳይ በይበልጥ የሚያገለግለው ለሦስተኛው መንገድ ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ እንሰት ሲፍቁ የሚውሉ እናቶች፣ ጭነት ተሸካሚዎችና ሾፌሮች በዚህ ሕመም ሲያዙ በቅድሚያ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ነው። ሕመሙ እግር ድረስ ከወረደ ግን ወገብዎን አያስጎትቱ፤ በቅርብዎ ባለው ሆስፒታል ይታዩ። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ ያለ መርፌ ይሻለዋል። በእነዚህ ሳምንታት ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ መውሰድና ሳይተኙ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይገባል። ካልተሻለ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢጻፍልዎ መርፌው በየትኛው መንገድና በምን ምስል እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ስኳር ካለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩ። በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ እግር እየደከመ መሄድ ከታየ ግን ቀን አይቆጠርም፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

መርፌው የሚያስታግሰው ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ነው፤ ዲስኩን ወደ ቦታው አይመልስም። ያቺን የፋታ ጊዜ ወገብን በእንቅስቃሴ ለማጠንከር ካልተጠቀሙባት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ኬኔዲን ከብዙ መርፌ በኋላ የተሻለ የረዳቸውም ይኸው እንቅስቃሴ ነበር።