ሰርጎ ኦርጆኒኪድዜና የጥድፊያው ፕላን

ነገ መምህር ሆነን ክፍል ስንገባ ተማሪ ከሚያፋጥጠን ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ኢንዱስትሪ ለመገንባት ለምን እንደዚያ ተጣደፈች? መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት እንከታተለው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰርጎ ኦርጆኒኪድዜ በ1886 በጆርጂያ ተወለደ። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት በዘመድ እጅ አደገ። በቲፍሊስ የድሬሰርነት ሙያ ተማረ፤ በ1903 ፓርቲውን ተቀላቀለ። በዛሩ ዘመን እስርና ግዞት ተፈራረቁበት። በ1921 ቀይ ጦር ጆርጂያን ሲይዝ ከዘመቻው ዋና መሪዎች አንዱ ነበር።

በ1930 ኢንዱስትሪውን እንዲመራ ተሾመ፤ በ1932 የከባድ ኢንዱስትሪ ኮሚሳር ሆነ። ታዲያ ጥድፊያው ከምን መጣ? አንደኛ፣ ሩሲያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ጥይት እንኳ አጥሯት ተደብድባ ነበር፤ መሪዎቹም ሌላ ወረራ አይቀርም ብለው ሰጉ። ስታሊን በ1931 አገሪቱ ከሠለጠኑት ከ50 እስከ 100 ዓመት ወደ ኋላ መቅረቷን ገልጾ፣ ይህን በ10 ዓመት መድረስ ግዴታ ነው አለ። ሁለተኛ፣ የረጅም ጊዜ የውጭ ብድር እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ የገበሬው እህል ውጭ እየተሸጠ ማሽን ተገዛበት። ሦስተኛ፣ ገበያው በራሱ ገንዘብን ወደ አረብ ብረትና ወደ ኤሌክትሪክ ቶሎ አይወስድም፣ ማዕከላዊ ፕላን ግን ይወስዳል ብለው አመኑ።

ውጤቱ ታየ። በ1928 4.3 ሚሊዮን ቶን የነበረው የአረብ ብረት ምርት በ1937 17.7 ሚሊዮን ደረሰ። በ1932 የማግኒቶጎርስክ ምድጃና የድኒፐር ግድብ ሥራ ጀመሩ። ዋጋውስ? በ1932 እና 1933 በዩክሬን፣ በካዛክስታንና በሌሎችም ቦታዎች ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ።

ሰርጎ የቁጥጥሩ ሥራ ኃላፊ ሳለ ፕላኑ ያንሳል፣ መሐንዲሶቹም ያደናቅፋሉ ከሚሉት ወገን ነበር። ፋብሪካው በእጁ ሲገባ ግን ያለ መሐንዲስ እንደማይሆን አየ፤ ይከላከልላቸውም ጀመር። ግን ምን ያደርጋል፣ ፕላኑ በጎደለ ቁጥር ጠላት ይፈለግ ነበር። በ1936 ወንድሙ ታሰረ፤ በ1937 መጀመሪያ ምክትሉ ፒያታኮቭ ተረሸነ። የካቲት ላይ ሰርጎም ሞተ። ያኔ ልብ ድካም ነው ተባለ፤ በ1956 ግን ክሩስቾቭ ራሱን በጥይት መግደሉን ለፓርቲው ጉባኤ ተናገረ።

ወረራው በ1941 መጣ፤ ስጋቱ ባዶ አልነበረም። ይህ ግን የረሃቡን ሙታንና የተረሸኑትን መሐንዲሶች ከሒሳቡ አያስወጣቸውም። እንግዲህ ተማሪው ሲጠይቀን ስለ ፋብሪካው ብቻ ነግረን አንለፈው፤ ስለ ባዶው ጎተራም እንንገረው።