ባሩድና መድፍ በዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን

ስለ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ተዘፍኗል፤ በቴአትር መድረክም ብዙ ታይቷል። አንዳንዱ የኢትዮጵያ አንድነት ጠንሳሽ፣ አንዳንዱም ትዕግሥት ያጣ ጨካኝ ገዥ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሁለቱም ወገኖች በጨረፍታ የሚያልፉት አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ዘመናቸውን ሙሉ ከአንድ የቴክኒክ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ የኖሩ መሆናቸው ነው። ጥያቄው ባሩድን በዓይነቱና በመጠኑ መርጦ፣ ኃይሉን የሚችል መሣሪያ አበጅቶ፣ አረሩን ወደሚፈለገው ቦታ የሚያደርስ ባለሙያ በአገር ውስጥ እንዴት ይገኛል የሚል ነበር። የጥያቄው መነሻ በሱዳን ጠረፍ፣ መጨረሻው ደግሞ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመቅደላ አምባ ላይ ነው።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

የኋላው ንጉሠ ነገሥት ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ፤ ከዚያም በቆላው አገር በሽፍትነት ኖረው ስማቸውን አስጠሩ። የጦር መሣሪያ ነገር በልባቸው የገባው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር በተዋጉ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ጠላት ምሽግ ይዞ፣ መድፍ ተክሎ፣ ተኩሱን በሥርዓት እያፈራረቀ ጠበቃቸው። ጀግንነት አልጎደለም፤ ነገር ግን በጋሻና በጦር የሚሮጥ ሠራዊት ምሽጉ ዘንድ ሳይደርስ ረገፈ። ካሣ ቆስለው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ የነበረው ጉዞ ፈጣን ነበር። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን አሸነፉ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች ውቤ ለብዙ ዓመታት በምጽዋ በኩል ሲያስገቡ የኖሩት ጠመንጃ በእጃቸው ገባ። ነገር ግን ጠመንጃ ማግኘትና ጠመንጃን አዘውትሮ ማጉረስ አንድ አይደለም። የባሩድና የአረር አቅርቦት ከባሕር በር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የባሕሩ በር በቱርክና በግብፅ እጅ ነበር።

የባሩድ ጠባይ

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም የታወቀው ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ይኸውም የፖታሲየም ናይትሬት ጨው፣ ከሰልና ድኝ ተደባልቀው የሚገኝ ነው። በአውሮፓ ፋብሪካዎች የተለመደው ድርሻ ናይትሬቱ 75፣ ከሰሉ 15፣ ድኙ 10 ከመቶ ነበር። በኢትዮጵያም ባሩድ ከቀድሞ ጀምሮ በእጅ ይሠራ ስለ ነበር የሙያው መሠረት እንግዳ አልነበረም። ችግሩ ግን ድርሻውን በማወቅ ብቻ አያልቅም። ናይትሬቱ በሚገባ ካልተጣራ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ባሩድ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። የከሰሉ እንጨት ዓይነት፣ የመፍጨቱ ትጋት፣ የቅይጡ እኩልነት ሁሉ ውጤቱን ይለውጣሉ።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ጉዳይ የፍሬው መጠን ነው። ደቃቅ ባሩድ በአንድ ጊዜ ስለሚነድ ለሽጉጥና ለማቀጣጠያ ይስማማል። ለመድፍ የሚስማማው ግን ቀስ ብሎ የሚነደው ትልልቅ ፍሬ ነው። ከባዱ አረር ከቦታው እስኪነቃነቅ ጊዜ ይፈልጋልና፣ ደቃቁ ባሩድ በትልቅ መድፍ ውስጥ ሲነድ ግፊቱ ከአረሩ መንቀሳቀስ ቀድሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ብረቱን ይሰነጥቃል። በአሜሪካ ሮድማን የተባለው የጦር መኮንን ለትልልቅ መድፎች ቀዳዳ ያላቸውን ትልልቅ የባሩድ ፍሬዎች ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ነው። ይህም ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ማስቀለጥ በጀመሩበት ወቅት፣ ጥያቄው በበለጸጉት አገሮች ዘንድ እንኳ ገና በምርመራ ላይ ነበር ማለት ነው።

በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ዘመን እያንዳንዱ ወታደር የራሱ ባሩድ መራጭና መጣኝ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከቀንዱ ባሩዱን በእጁ ገምቶ ያፈስሳል፤ አረሩን ይጠቀጥቃል፤ ከዚያም ይተኩሳል። ጥቂት ቢያሳንስ አረሩ ከዒላማው በታች ይወድቃል፤ ቢያበዛ ትከሻውን ወይም ጠመንጃውን ያጣል።

ጋፋት

ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ ችግር የመረጡት መንገድ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ ሙያውን ማስገባት ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ከባዝል አካባቢ ከመጡት የክሪሾና ሚስዮናውያን መካከል ዋልድማየር፣ ቤንደርና ዛልሙለር፣ እንዲሁም ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትስ ሃል ተሰባሰቡ። ሚስዮናውያኑ ወንጌል ለመስበክ እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልመጡም፤ ሙያውም የላቸውም ነበር። ሆኖም ትእዛዙ የማይመለስ በመሆኑ እቶን ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። በድጋሚ ድጋሚ ሙከራ ትንንሽ ሞርታሮች ወጡ፤ ከዚያም ከፍ ከፍ ያሉት ተከተሉ። የአገሬው ወጣቶችም በጋፋት ንባብና የእጅ ሙያ ይማሩ ጀመር።

ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭ መንግሥታት ያቀርቡት የነበረው ልመናም ይህንኑ ሐሳብ ያሳያል። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ባለማግኘቱ ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊው ፍላድ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ግን የጠየቁት መድፍና ጠመንጃ የሚሠራ፣ ብረት የሚያቀልጥና የመድፍ ተኩስ የሚያስተምር ባለሙያ፣ ከነመሣሪያው መጥቶ፣ አስተምሮ እንዲመለስ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹንና መሣሪያዎቹን እስከ ምጽዋ ድረስ ላከ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ወደ ውስጥ አይገቡም አለ። ንጉሠ ነገሥቱም እስረኞቹን አልፈቱም። ስለዚህ ሙያው ከባሕሩ ዳርቻ ተመለሰ፤ ጋፋትም የጎደላትን ሳታገኝ ቀረች።

ጉዞ ወደ መቅደላ

የጋፋት ሥራ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ በክሪሚያው ጦርነት በታወቀው ምሽግ ስም ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ የነሐስ ሞርታር ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሞርታሩንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያን ጊዜ አገሩ በዓመፅ ተውጦ፣ ሠራዊቱም በኩብለላ እየሳሳ ነበር። ለዓመፁም ከምክንያቶቹ አንዱ ራሳቸው ያወረዱት የቅጣት ብዛት መሆኑ አይካድም።

ጉዞው ስድስት ወር ፈጀ። መንገድ ስላልነበረ ተራራው እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ሞርታሩ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ይጎተት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በድንጋይ ፈለጣው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች እያንዳንዳቸው 1000 ሜትር ያህል የሚጠልቁ ናቸው። ሞርታሩ በቁልቁለቱ እንዳይንሸራተት ከኋላ በጠፍር እየተያዘ ወረደ፤ በማዶው ደግሞ እየተጎተተ ወደ ደላንታ ሜዳ ወጣ፤ በሽሎን ተሻግሮም በመጋቢት መጨረሻ ከመቅደላ ግርጌ ደረሰ። ከመንገድ ሥራ አንጻር ብቻ ቢታይ፣ በዘመኑ በአገራችን ይህን የመሰለ ተግባር ማግኘት ያዳግታል።

በመንገድ ሥራው ላይ የፈሰሰው ድካም ያህል ግን ለባሩዱና ለተኩሱ ምርመራ አልፈሰሰም። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከ1813 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ የጠመንጃ አፈሙዝ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ከተለመደው የበዛ ባሩድ ተሞልቶ ይፈተን ነበር። የጋፋት መድፎች እንዲህ ያለ ተከታታይ ፈተና የሚያደርግላቸው ተቋም አልነበራቸውም። የትኛው መድፍ የትኛውን ባሩድ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚችል የተመዘገበ ሥርዓት አልነበረም።

አሮጌ

ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮችና ከነሱ የሚበልጡ አጃቢዎች ይዞ በዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ መጣ። ውጊያው የሆነው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት፣ ከአምባው በታች በአሮጌ ሜዳ ላይ ነው። ከፋላ ተራራ የተተኮሱት የንጉሠ ነገሥቱ መድፎች ጠላትን አልጎዱም። ከትልልቆቹም አንዱ፣ በጊዜው የነበሩ ሰዎች እንደ ጻፉት፣ ከመጠን በላይ ባሩድ ጎርሶ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖልም ያ ሁሉ ሕዝብ የደከመለትን አገልግሎት ሳይሰጥ ቀረ።

በሌላው ወገን የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። በዚህ ጠመንጃ ባሩዱን የሚመጥነው ወታደሩ ሳይሆን ፋብሪካው ነው። አራት ግራም ተኩል ያህል ጥቁር ባሩድ፣ አረሩና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ውስጥ ተጠቃለው ስለሚመጡ፣ የአንዱ ጥይት ኃይል ከሌላው አይለይም፤ ወታደሩም በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ሠራዊት በድፍረት ቁልቁል ወርዶ በዚህ እሳት ውስጥ ገባ። ገብርዬ ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፣ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከነሱ ሁለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀደም ሲል ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች መድፎቹን ሰባብረው፣ አምባውን አቃጥለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ

ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ መድፍ፣ ጠመንጃና ባሩድ ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ መሪዎች ያተኮሩት ጋፋትን ከማደስ ይልቅ የተዘጋጀ ጥይት በመግዛት ላይ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከዋሉት ጠመንጃዎች መካከል ብዙውን ድርሻ የያዘው፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለችው ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው። ጥይቱም በአገሩ ገበያ ከአሞሌ ጋር እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደረሰ።

ይሁን እንጂ የአሮጌው ጥያቄ በዚህ አልተዘጋም። ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ ተመልሶ የሚሞላ ነገር ነውና፣ ባሩድ የመምረጡ ሥራ ከፋብሪካ ተመልሶ በሰው እጅ ይወድቃል። በዚህ ላይ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ አስገኘ። አዲሱ ባሩድ በተመሳሳይ ስፍር ከጥቁሩ ብዙ እጥፍ ኃይል ስላለው፣ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ በቀድሞው ስፍር ቢሞላ መሣሪያውን ሰንጥቆ ተኳሹን ይጎዳል። ሁለቱን የሚለየው የዓይን ግምት ሳይሆን ሚዛን፣ ምልክትና የአምራቹ መዝገብ ነው። በፋላ ተራራ ላይ የፈነዳው መድፍ ያሳየው ጉድለት ይኸው ነበር።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጎብኚው ሲያየው የሚያስበው የብረቱን ግዙፍነትና የጎታቾቹን ድካም ነው። የሙያ ባልደረቦች ግን ሌላም ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎደላቸው ፈቃድና ጉልበት አልነበረም፤ ሙያው በአገር ውስጥ ካልተተከለ ነፃነት እንደማይጸና ከዘመነኞቻቸው ቀድመው ተረድተዋል። የጎደለው ከማቅለጡ ቀጥሎ የሚመጣው ጸጥተኛ ሥራ፣ ማለት መመዘን፣ መፈተን፣ መመዝገብና የተመዘገበውን ለተከታይ ማስተማር ነበር። ይህ ሥራ ደግሞ በትእዛዝ በአንድ ክረምት የሚፈጸም አይደለም፤ ሠራተኛው የከሸፈውን ሙከራ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ጊዜና ሰላም ይፈልጋል። በጋፋት ሁለቱም አልተገኙም።