የማይቸኩል ቀለም፦ የሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ ሕይወት



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁርሶ በመጣንበት ጊዜ፣ ለመሰብሰቢያ ክፍላችን አንድ ትልቅ ሥዕል ለመሥራት መነሣታችንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አቡጀዲ ገዝተን በእንጨት ላይ ወጠርን። የዘይት ቀለም፣ ብሩሽና አኳራጅ በመዋጮ አገኘን። አሳባችን ለመስቀል በዓል ለማድረስ ነበርና ተቻኮልን። ዘይት የበዛበትን ወፍራም ቀለም በመጀመሪያው ቀን ለጠፍን። በማግሥቱ በእጃችን ስንዳስሰው የደረቀ መሰለን፤ ስለዚህ በአኳራጅ የቀጠነ ሌላ ቀለም ከላዩ ደረብንበት። በበዓሉ ቀን ሥዕሉ አማረ፤ እኛም ተመሰገንን። ጥምቀት ሳይደርስ ግን ውሃው እንደ ደረቀበት ኩሬ ተሰነጣጠቀ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ የሁርሶን ሙቀት ወቀሱ። ሌሎች ቀለሙ መናኛ ነው አሉ። እውነተኛውን ምክንያት ያገኘነው ግን ከእኛ በፊት ይህን ጥበብ ሊማሩ የወጡት ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደ ተማሩ መጠየቅ ከጀመርን በኋላ ነው። ጥያቄያችንም ወደ አንድ ሰው ሕይወት አደረሰን። እኒህ ሰው ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ ናቸው።

አገኘሁ እንግዳ የተወለዱት በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ያደገ የሀገራችን ልጅ ሥዕል ሲባል የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና መጽሐፍ ላይ የሚያየውን ነበር። ይህም ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው። ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ሥሎ ጨርቁን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። አስቀድሞ ንድፉን ያወጣል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ቦታ በቀለሙ ይሞላል፤ በመጨረሻም መሥመሩን አጉልቶ ይጽፋል። ቅዱሳን በሁለት ዐይናቸው ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ጠላት ደግሞ በአንድ ዐይን በጎን ይሣላል። መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም። ይህ ካለማወቅ የመጣ አይደለም። የሥዕሉ ዓላማ ፀሐይ ከየት አቅጣጫ እንደምትበራ ማሳየት ስላልሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ጎብኝተው ተመለሱ። በእነዚያ ዓመታት መንግሥት ወጣቶችን እየመረጠ ለትምህርት ወደ ውጭ ሀገር ይልክ ነበር። ሀገሪቱ ሐኪም፣ መሐንዲስና የሕግ ዐዋቂ በብርቱ የምትሻበት ጊዜ ነው። ለሥዕል ትምህርት ሰው መላክ ግን ብዙዎችን የሚያስደንቅ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ለዚህ ትምህርት ወደ ፓሪስ ከተላኩት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ አገኘሁ እንግዳ ሆኑ። ዕድሜያቸው ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው ከእኛ ዕድሜ ብዙም የራቀ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ መንገደኛ የሚይዘው መንገድ ለእኛ ለሁርሶ ልጆች እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ፣ ሁለተኛውን ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። ድሬዳዋ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው በዚህ በእኛ ቀበሌ ያልፋል። ልጆች ሆነን እየተሯሯጥን የተጫወትንበት አሮጌ ሐዲድ፣ የዚያን ዘመን ተማሪዎች ሀገራቸውን እየተሰናበቱ ያለፉበት ነው። ከጅቡቲ በኋላ መርከብ ነው፤ ቀይ ባሕርንና የስዊዝን ቦይ አቋርጦ ማርሴይ ያደርሳል።

አገኘሁ የገቡበት ትምህርት ቤት ኤኮል ዴ ቦዛር ይባላል። በሴን ወንዝ ዳር፣ ከታላቁ የሉቭር ሙዚየም ማዶ የሚገኝ ሲሆን፣ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1648 በፓሪስ እስከ ተቋቋመው የሥዕልና የቅርፃ ቅርፅ አካዳሚ ድረስ ይደርሳል። የዚህ ትምህርት ቤት ነባር ሥርዓት ቀለምን ቶሎ አያስነካም። ተማሪው አስቀድሞ ከሰል ይዞ ከጂፕሰም የተሠሩ የጥንት ሐውልቶችን ቅጂ ይነድፋል። ጂፕሰም ነጭ ነው፤ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ብርሃኑ የት እንደሚጀምርና ጥላው የት እንደሚያበቃ ለመለየት ይመቻል። ተማሪው ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ትልቁን ብርሃንና ትልቁን ጥላ ብቻ እንዲያይ ይመከራል። ግንበኛ ግድግዳውን በቱንቢ እንደሚለካ ሁሉ፣ እርሱም ክር በክብደት አንጠልጥሎ የግንባሩ ጫፍ ከእግሩ ጣት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ይለካል። የተሳሳተውን ከሰል በዳቦ ፍርፋሪ ያጠፋል። ይህን ካወቀ በኋላ በፊቱ የቆመ ሰው ይነድፋል፤ የአጥንትና የጡንቻን አቀማመጥ ይማራል፤ ሩቁ ነገር እንዴት እያነሰ እንደሚሄድ በመሥመር ይለማመዳል። ብሩሽና የዘይት ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በሀገሩ ጥላ የሌለውን ሥዕል እያየ ያደገ ወጣት፣ ጥላን ብቻ እየተከታተለ ወራትን ያሳልፋል። ዐይኑን እንደገና ማስተማር አለበት። ቋንቋው እንግዳ ነው፤ ብርዱ እንግዳ ነው። ይህ ብቻም አይደለም። በዚያው ጊዜ በፓሪስ ከተማ ፒካሶንና ጓደኞቹን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች የቆየውን ሥርዓት ትተው ሌላ መንገድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። አገኘሁ ግን አስቀድመው የቆየውን፣ ሰውን በትክክል የመሣልን ሥርዓት ተማሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 1933 ድረስ ሰባት ዓመት ያህል በዚሁ ትምህርት ላይ ቆዩ።

ስለ ዘይት ቀለም ጥቂት እንበል፤ የእኛ ሥዕል የተበላሸበት ምክንያት እዚህ ላይ ነውና። የዘይት ቀለም ማለት የቀለም ዱቄት በሚደርቅ ዘይት ተለውሶ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚሠራበት ዘይት በሀገራችን ማሳ የሚበቅለው የተልባ ዘይት መሆኑን ስናነብ ደስ ብሎናል። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ላዩ በጥቂት ቀን የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለወራት ገና ይሠራል። ስለዚህ የአሮጌዎቹ መምህራን ሕግ እንዲህ ነው፦ ከሥር የሚሆነው ሽፋን ቀጭንና ዘይቱ ያነሰ ይሁን፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዘይቱ ይጨምር። ቶሎ የሚደርቅ ሽፋን ቀስ ብሎ በሚደርቅ ሽፋን ላይ ከተደረበ፣ የታችኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። እኛ ያደረግነው ተገላቢጦሹን ነው። ቅባታሙን ከሥር፣ ቀጭኑን ከላይ አደረግን። ሙቀቱም ሱቁም በደል የለባቸውም።

ጨርቁም ሳይዘጋጅ ዘይት አይቀበልም። ዘይት ጨርቅን በጊዜ ብዛት ያበሰብሳልና፣ አስቀድሞ በሙጫ ይቀባል፤ ከዚያም ነጭ መደብ ይደረግበታል። በላዩ ንድፍ ይወጣል። ቀጥሎ ሠዓሊው በአንድ ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ብቻ ብርሃኑንና ጥላውን ይሠራል። በዚህ ደረጃ ሥዕሉ ውበት የለውም። ያልገባው ሰው ቢያየው ሥራው የከሸፈ ይመስለዋል። ሲደርቅ እውነተኛው ቀለም ይደረብበታል፤ በመጨረሻም እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ይቀባና ጥላው ጥልቀት ያገኛል። ቫርኒሹ የሚቀባው ከወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በኋላ ነው። ሥዕሉን የሚሸከመው ግን ማንም የማያየው ያ የመጀመሪያው ግራጫ ሽፋን ነው።

ሠዓሊ አገኘሁ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ይህን ሁሉ ይዘው ተመለሱ። የተማሩትንም የፓሪስን ጎዳና ለመሣል ብቻ አላዋሉትም። የሀገራቸውን ሰዎች መልክ በዘይት ቀለም ሣሉ። የራሳቸውንም መልክ ሥለው ትተዋል። ሠዓሊ የራሱን መልክ መሣሉ ትዕቢት የሚመስለን ካለን እንሳሳታለን። መስተዋት ዋጋ የማይጠይቅ፣ ደከመኝ የማይል፣ ሠዓሊው በፈለገ ሰዓት የሚቆምለት ብቸኛው ተማሪ ቤት ነው። ሥራቸው ተከብሮ አዲስ አበባ በሚገኘው የፓርላማ ሕንፃ ውስጥ እስከ መሰቀል ደረሰ።

ይሁን እንጂ ከተመለሱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የፋሺስት ጦር ሀገራችንን ወረረ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው የወሰደው ሕይወትን ብቻ አልነበረም። በ1937 የአክሱምን ሐውልት ነቅሎ ወደ ሮም አጓጓዘ። በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወሰደ። ከፓርላማው ሕንፃም ሥዕሎች ተወሰዱ፤ ከእነዚህም መካከል የአገኘሁ እንግዳ ሥራ ይገኝበት ነበር። ጣልያን የወሰደችውን የኢትዮጵያ ቅርስ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ አዘዘ። የአክሱም ሐውልት እንኳ ሀገሩ የገባው በ2005 መሆኑን ስናስብ፣ ውል መጻፍና ውል መፈጸም ምን ያህል እንደሚራራቁ እንረዳለን።

ለአንድ ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ሐዘን አለ? ሰባት ዓመት የተማረበትን ጥበብ አፍስሶበት በሀገሩ የሕግ መወሰኛ ቤት የሰቀለውን ሥዕል፣ ባዕድ ከግድግዳው አውርዶ ሲወስደው! ነገር ግን ሊወሰድ የማይችል ነገር ነበር። ዐይናቸው የተማረውንና እጃቸው የለመደውን ማንም ጠቅልሎ በመርከብ ሊጭነው አልቻለም።

ሠዓሊ አገኘሁ ብዙ ሳይቆዩ በሞት ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ት/ቤት ሲከፈት ለማየት አልታደሉም። ያንን ት/ቤት የመሠረቱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩ ሲሆኑ፣ የመጡት ከፍቼ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ ነው። ዛሬ ት/ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በእርሱ የተማሩት ሠዓሊዎች ስም ብዙ ነው፤ ሥራቸውም በየሀገሩ ይታያል። አገኘሁን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኛም ሥዕላችን ባይሰነጠቅ ኖሮ ስማቸውን ባልጠየቅን ነበር።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እኛን የነካን አንድ ነገር ነው። አገኘሁ እንግዳና እንደ እርሳቸው ያሉ የዚያ ትውልድ ሰዎች፣ የዛሬው የሀገራችን ሥዕል የመጀመሪያው ግራጫ ሽፋን ናቸው። ሽፋኑ ከላይ አይታይም፤ ማንም አያጨበጭብለትም። እርሱ በትክክል ባይቀመጥ ግን በላዩ የተደረበው ሁሉ አይቆይም ነበር። እኛ ደግሞ ለበዓል ጭብጨባ ስንል ያንን ሽፋን ዘልለን ነበር። በሥዕል ብቻ አይደለም፤ በዜማውም፣ በትምህርታችንም፣ ለኅብረታችን በምናወጣው ዕቅድም ብዙ ጊዜ እንዲሁ እናደርጋለን። ዛሬ ደረቀ ብለን የምንደርበው ነገር ከሥር ገና እርጥብ ነው።

ሌላም ነገር እንጨምር። ከመካከላችን የዘይት ቀለም ለመማር የሚመኙ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ጥላ መሣል ስለ ቻልን፣ ጥላ የሌለውን የአባቶችን ሥዕል ኋላ ቀር ብለን አንናቅ። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ የሚመልሱ ሁለት ትምህርቶች ናቸው። አንዱን ማወቅ ሌላውን ለመርሳት ምክንያት አይሆንም።

ያ የተሰነጠቀው ሥዕል እስካሁን በክፍላችን ጥግ ተደግፎ ቆሟል። አንዳንዶች ይጣል ብለው ነበር። እኛ ግን አዲስ መጤዎች እንዲያዩት ይቆይ ብለናል። በሚመጣው ዕረፍት አዲስ አቡጀዲ እንወጥራለን፤ በዚህ ጊዜ ግን ለመስቀል አናደርሰውም። ከሰል ይዘን አንድ እንስራ በመንደፍ እንጀምራለን፤ እንስራው እንስራ እስኪመስል ድረስም ቀለም አንገዛም። ከእኛ ጋር ለመማር ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ከሰሉንና ትዕግሥቱን ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።