ቶማስ ናስት፤ ሌቦችን በሥዕል የተዋጋው ሰው

ቶማስ ናስት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. በጀርመን አገር ላንዳው በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1846 ዓ.ም. ከእናቱና ከእኅቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ ኒው ዮርክ ገባ። የአገሩን ቋንቋ ስላላወቀ ትምህርት ከበደው፤ ሥዕል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር። ስለዚህም ገና በ15 ዓመቱ በአንድ ጋዜጣ ቤት ሰዓሊ ሆኖ ተቀጠረ። በ1862 ዓ.ም. ሃርፐርስ ዊክሊ ወደሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ገብቶ የፌዝ ሥዕሎቹ ዝናን አተረፉለት።

በዚያ ዘመን የኒው ዮርክን ከተማ አስተዳደር ዊልያም ትዊድ የሚባል ሹም ከግብረ አበሮቹ ጋር ይዞት ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው ሁሉ፣ እነዚህ ሰዎች የፍርድ ቤት ሕንፃ እናሠራለን እያሉ ዋጋውን እጅግ አብዝተው በመጻፍ የሕዝቡን ገንዘብ በሚሊዮን ዶላር ይዘርፉ ነበር። ናስትም ትዊድን ሆዱ እንደ ከረጢት የተነፋ፣ ራሱ የገንዘብ ስልቻ የሆነ ሰው አድርጎ ሣለው። ማንበብ የማይችለውም ሰው ሥዕሉን አይቶ ነገሩን ተረዳ። ትዊድ ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕሉን የፈራው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል።

እንደሚተረከውም፣ ናስት አውሮፓ ሄዶ የሥዕል ትምህርት እንዲማር በሚል ሽፋን እስከ 500,000 ዶላር ቀረበለት፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። በ1871 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስ የሂሳቡን መዝገብ አሳትሞ ነገሩን ገለጠው፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫም የትዊድ ወገኖች ድል ሆኑ። ትዊድ ታስሮ ካመለጠ በኋላ በ1876 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር የተያዘው በናስት ሥዕል መልኩ ታውቆ ነው። በ1878 ዓ.ም. በወህኒ ቤት ሞተ።

ይሁን እንጂ ናስትም ጉድለት ነበረበት። አየርላንዳውያንንና ካቶሊኮችን በጅምላ እያዋረደ ይሥል ነበርና፣ ሌባውን የወጋው ብዕር ንጹሑንም ያቆስል ነበር። በ1884 ዓ.ም. ገንዘቡን ያስቀመጠበት የንግድ ቤት ስለከሰረ ደኸየ። በ1902 ዓ.ም. በኤኳዶር የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ ተላከ፤ በዚያም በቢጫ ወባ ታሞ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐረፈ።

እኛም ተማሪዎች ከሕይወቱ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው ብዕርን ለገንዘብ አለመሸጥ፣ ሁለተኛው በጥቂቶች ጥፋት ሕዝብን በሙሉ አለመወንጀል ነው።