ከመጠጥ ቤት ጀርባ የተወለደው ሰው

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ አንድ ስም በሁለት ቤት ይጠራል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰማዕቱ ይለመንበታል፤ ወደ ፒያሳ ሲሉ ደግሞ በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው ፋብሪካ ቢራ ይታዘዝበታል። ጠዋት በጊዮርጊስ ምሎ መጠጥ የተወ፣ ማታ ያንኑ ስም ጠርቶ ጠርሙስ የሚያስከፍት ሰው ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። ጌሾ በሚለማበት፣ ጠላ በሚጠመቅበት፣ አረቄ በሚወጣበት ገጠርም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚማልበት ታቦት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን መሐላ ደጋግሞ ሲያፈርስ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከሱስ ወጥቶ ለሌሎችም መውጫ ያበጀ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ሙሉ ስሙ ዊልያም ግሪፊዝ ዊልሰን ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ቢል በሚለው አጭር መጠሪያው ነው። የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 26 ቀን 1895 በቨርሞንት ግዛት፣ እብነ በረድ በሚፈለጥባት ኢስት ዶርሴት በተባለች መንደር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አያቱ ታስተዳድረው በነበረው ሆቴል፣ ከመጠጥ መሸጫው ጀርባ ባለች ክፍል እንደተወለደ ይነገራል።

ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ተለያዩ። አባቱ ወደ ካናዳ፣ እናቱ ለትምህርት ወደ ቦስተን ሲሄዱ እሱና እህቱ በእናታቸው ወላጆች እጅ ቀሩ። አንድ ቀን ወንድ አያቱ፣ ተወርውሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለሰውን የአውስትራሊያ በትር ከአውስትራሊያውያን በቀር ማንም መሥራት እንደማይችል ነገረው። ልጁ ለወራት እንጨት ሲጠርብ፣ ሲወረውር፣ እንደገና ሲጠርብ ከረመ፤ በመጨረሻም የሚመለስ በትር ሠራ። ሱስን የወኔ ማነስ አድርገው ለሚቆጥሩ ሁሉ ይህ ታሪክ ቢነገር መልካም ነው። የዚህ ሰው ፈቃድ ደካማ አልነበረም።

የመጀመሪያውን መጠጥ የቀመሰው በ1917፣ ወጣት የጦር መኮንን ሳለ በአንድ ግብዣ ላይ ነው። ከልጅነቱ የተጣባው ዓይናፋርነት በአንድ ብርጭቆ ለቀቀው። በተከታዩ ዓመት ጃንዋሪ 24 ቀን ሎይስን አገባ። ከጦርነቱ ሲመለስ ሕግ ተማረ፤ ዲፕሎማውን ግን ሳይወስድ ቀረ። በአክሲዮን ገበያ ጥሩ ገንዘብ አገኘ፤ በ1929 ገበያው ሲወድቅ ያም ከእጁ ወጣ። ባልና ሚስት በብሩክሊን ከሎይስ ወላጆች ቤት ተጠጉ፤ እሷ በሱቅ ሠራተኝነት ስታስተዳድር እሱ ይጠጣ ነበር። ዳግመኛ ላለመጠጣት የገባውን ቃል በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በጽሑፍ አኖረ፤ አፈረሰው፤ ሌላ ጻፈ፤ ያንንም አፈረሰ።

በኒው ዮርክ ታውንስ በተባለ ሆስፒታል ያገኘው ዶክተር ዊልያም ሲልክወርዝ የነገረው ቃል ለዚያ ዘመን አዲስ ነበር። ስካርህ በሽታ እንጂ ብልግና አይደለም፤ አእምሮህ መጠጡን አጥብቆ ይሻዋል፣ ሰውነትህ ደግሞ አንዴ ከቀመሰ ማቆም ይሳነዋል ብሎ አስረዳው። ዊልሰን ይህን ካወቀ በኋላም ወደቀ። በ1934 መጨረሻ ግን ኤቢ ታቸር የተባለ የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛው መጠጥ ትቶ ሊጠይቀው መጣ፤ ዊልሰንም በዲሴምበር ለአራተኛ ጊዜ ሆስፒታል ገባ። በዚያ ክፍሉ በብርሃን ሲሞላ ማየቱን ሲናገር ሐኪሙ እብደት አለመሆኑን አረጋገጠለት። ከዚያ ወዲያ መጠጥ አልቀመሰም።

በግንቦት 1935 ለሥራ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ የመጠጥ ቤቱን ጫጫታ ሲሰማ ልቡ ተናወጠ። መዳኛው ሌላ ሰካራም ማግኘት እንደሆነ ስለገባው ወደ አብያተ ክርስቲያናት ስልክ ደወለ፤ በዚያም ሮበርት ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ለሩብ ሰዓት ብቻ የተፈቀደው ጨዋታ ከስድስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ዊልሰን አልሰበከውም፤ የራሱን ውድቀት አጫወተው። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ጁን 10 ቀን ነበር። በዕለቱ ቀዶ ሕክምና ስለነበረበት የሚንቀጠቀጥ እጁን እንዲያረጋጋለት ቢራውን የሰጠው ራሱ ዊልሰን ነው።

ያ መንቀጥቀጥ ቀላል ነገር አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እንቅልፍ ያጣል፣ ያልበዋል፤ አንዳንዱን መንፈራገጥ ይይዘዋል፣ የሌለ ነገርም ያያል፤ ሊሞትም ይችላል። በአገራችን ይህ ሲደርስ ዛር ወይም ርኩስ መንፈስ ነው የሚል ብዙ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ነገር ግን መጠጡን ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ በክልላችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሉ። ወደ እነዚህ መሄድ ማበድን መመስከር አይደለም።

ሁለቱ ሰዎች የጀመሩት ማኅበር ስም የማይጠየቅበት፣ ክፍያ የሌለበት፣ የተጎዳ ለተጎዳ የሚያወራበት ነበር። አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች የያዘው መጽሐፍ በ1939 ታተመ። በ1941 አንድ ታዋቂ መጽሔት ስለ ማኅበሩ ሲጽፍ አባላቱ በዓመት ውስጥ ከ2,000 ወደ 8,000 ገደማ ደረሱ። በ1951 ሎይስ ለጠጪ ቤተሰቦች የተለየ ማኅበር በማቋቋም ተሳተፈች፤ የሰካራም ሚስት ሕመም ከዚያ በፊት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የየል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊሰጠው ሲያስብም ዊልሰን ስሙ እንዳይጎላ ብሎ አልቀበልም አለ።

ይሁንና ቅዱስ አልነበረም። ለዓመታት በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተሠቃየ። መጠጥን የተወው ሰው ሲጋራን መተው አቅቶት ሳንባው ተጎዳ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በአልጋው ላይ ሳለ ውስኪ እንደጠየቀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ፤ አልተሰጠውም። ከ36 ዓመታት በኋላ እንኳ ጥሙ አልጠፋም ነበር። ያረፈው ጃንዋሪ 24 ቀን 1971፣ በጋብቻው 53ኛ ዓመት ዕለት ነው። መቃብሩ በተወለደባት ኢስት ዶርሴት ይገኛል፤ በድንጋዩ ላይ ስለ ማኅበሩ አንድም ቃል አልተጻፈም።