ጣሊያንን ያስለቀሰው ሰውዬ እና የባሌ ገዥ ቤተሰብ

እዚህ ብድሬ ማታ ማታ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ከፍቶ እንባውን የሚጠርግ ቤት ብዙ ነው። እኛም አለንበት። ጣሊያኖች ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ሲኒማ ቤት ገብተው ያለቅሱለት የነበረ ተዋናይ ነበራቸው፤ አሜዴዎ ናዛሪ ይባላል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የጻፍነው፣ እንዳትደናገሩ።)

በ1907 ሰርዲኒያ ደሴት፣ ካልያሪ ከተማ ተወለደ። የአባቱ ስም ቡፋ ነው፤ ናዛሪን የወሰደው ከእናቱ አባት ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሪዝ ያለው፣ መልከ መልካም።

ስሙን የተከለው በ1938 የወጣው «ሉቻኖ ሴራ ፓይለት» ነው። ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሎኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። ታሪኩ? አንድ ፓይለት ስሙን ቀይሮ ኢትዮጵያን ሊወጋ ይዘምትና ልጁን ሲያድን ይሞታል። ቬኒስ ላይ በሙሶሎኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወሰደ።

እንግዲህ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ በጣሊያኖች ተይዘው ተገድለዋል። ባለቤታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልጆቻቸው ጋር ተግዘው አሲናራ ላይ ታሰሩ። አሲናራ የት ነው? እዛው የናዛሪ አገር፣ ሰርዲኒያ! ልዕልቲቱ በ1940 ቱሪን ላይ አረፉ። ከልጆቻቸውም ሁለቱ በዛው ቀሩ። ለዚህ አባትና ለእነዚህ ልጆች የሚያስለቅስ የጣሊያን ፊልም እኛ እስካሁን አላየንም።

ናዛሪ ራሱ የፋሺስት ፓርቲ አባል ሁን ሲባል እምቢ ብሏል ይባላል። ይሁንለት። ፓይለቱን ሆኖ ከመሥራት ግን አላገደውም።

በ1949 የራፋኤሎ ማታራትሶ «ካቴኔ» መጣ፤ ሰንሰለት ማለት ነው። ናዛሪ የኔፕልስ መካኒክ ነው። የሚስቱ የድሮ እጮኛ መጥቶ ትዳሩን ሲያምስ ይገድለውና አሜሪካ ይሸሻል፣ ተይዞም ይመለሳል። ሚስቱ እሱን ለማስፈታት ያልፈጸመችውን ዝሙት ፈጽሜያለሁ ብላ ችሎት ፊት ትዋሻለች። የዛን ጊዜው የጣሊያን ሕግ ለክብሩ ሲል ለገደለ ባል ቅጣት ያቀል ነበርና። ሚስትየዋ ኢቮን ሳንሰን ናት። ሐያስያን አጣጣሉት፣ ሕዝቡ ግን ጎረፈ። ሁለቱ በ1950 እና በ1951ም በሌሎች ፊልሞች አብረው አስለቀሱ።

በ1957 ፌሊኒ በ«የካቢርያ ሌሊቶች» የፊልም ኮከብ አድርጎ አሠራው፤ ራሱን በራሱ እንደመቀለድ ነው። በ1979 ሮም ላይ ሞተ።

«ሲኒማ ፓራዲሶ»ን ስልካችሁ ላይ ካገኛችሁ፣ የመንደሩ ሰው ፊልም እያየ የሚነፋረቅበት ቦታ አለ። የሚያዩት «ካቴኔ»ን ነው፤ ሪዛሙም ናዛሪ።