ሻርል ሪሼ፦ አናፊላክሲስን ለዓለም ያሳወቁ ሐኪም

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1850 በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አልፍሬድ ሪሼ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ሻርልም የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው ሕክምና ቢማሩም፣ ዝንባሌያቸው ወደ ምርምር ነበርና እ.ኤ.አ. በ1887 በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1901 የሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት በመርከባቸው ባደረጉት የባሕር ጥናት ጉዞ፣ ሪሼና ባልደረባቸው ፖል ፖርቲዬ የባሕር ፍጥረታትን መርዝ መመርመር ጀመሩ። ወደ ፓሪስ ከተመለሱም በኋላ ምርምሩን በውሾች ላይ ቀጠሉ። አስቀድሞ ጥቂት መርዝ የተሰጠው ውሻ፣ እንደ ተከተበ ሁሉ፣ መርዙን በቀጣዩ ጊዜ ይቋቋማል ብለው ጠብቀው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የቀደመውን መርዝ ያለ ጉዳት ያሳለፈ ብርቱ ውሻ፣ ከሦስት ሳምንታት ገደማ በኋላ ጥቂት መርዝ ዳግም ሲሰጠው ወዲያው ትንፋሽ አጠረው፤ በ25 ደቂቃ ውስጥም ሞተ።

ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1902 ግኝታቸውን ይፋ አድርገው ክስተቱን ከግሪክኛ ቃላት አናፊላክሲስ ብለው ሰየሙት፤ የመከላከል ተቃራኒ ለማለት ነው። ሪሼ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለ ሰው ዘር ልዩነት ያራመዱት አመለካከት ዛሬ ተቀባይነት የሌለው ቢሆንም፣ ስለ አናፊላክሲስ ያረጋገጡት እውነት ግን ጸንቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ግኝት ለዛሬ ትምህርት ቤቶች ሁለት ትምህርቶችን ይሰጣል። አንደኛው፣ ያለፈው ጊዜ በሰላም ማለፉ ለቀጣዩ ዋስትና አይሆንም። ከዚህ ቀደም በለውዝ፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በንብ ንድፊያ ወይም በመድኃኒት ምክንያት ቀላል ማሳከክ ብቻ የታየበት ተማሪ፣ በሌላ ጊዜ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ወላጆች የልጃቸውን አለርጂ፣ ቀላል መስሎ ቢታይም እንኳ፣ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅና ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማስረከብ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው፣ ጊዜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የተማሪው ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ቢያብጥ፣ ትንፋሹ ቢያጥር ወይም ራሱን ቢስት፣ የታዘዘለት የአድሬናሊን መርፌ በጭኑ ውጫዊ ጎን ወዲያውኑ ሊወጋ ይገባል። የማሳከክ ማስታገሻ ኪኒን አድሬናሊንን አይተካም። ተማሪው በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፍ ይበሉ፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ፤ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ ግን አይደረግ። መርፌው ባይኖርም ሳይዘገዩ አምቡላንስ መጥራት ወይም ተማሪውን በአቅራቢያው ወዳለ የጤና ተቋም በተሽከርካሪ ማድረስ ያስፈልጋል። ምልክቶቹ ለጊዜው ቢጠፉም ሊመለሱ ስለሚችሉ፣ ተማሪው በሐኪም ክትትል ሥር መቆየት አለበት።